ከሽንዲ መልስ በደከመ ባሌስትራ

አንባቢ ሆይ፤ በምደባ ደብዳቤህ ላይ «ሽንዲ» የሚል ቃል ብታገኝ አትደንግጥ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተህ ቡሬ ስትደርስ ዋናው መንገድ አንዱ ወደ እንጅባራ፥ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይለያያል። ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩም በቆሎና በርበሬ ያበቅላል። የገጠሩ መንገድ ግን ከመኪና ወገብ ጋር ጠበኛ ነው።

ስመለስ የተሳፈርሁባት ፒክ አፕ ስምንት ኩንታል በርበሬ ጭና ኋላዋ ተቀምጦ፥ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ከአንድ ቦይ ስትገባ «ቋ!» አለች። ሾፌሩ ወርዶ አጎንብሶ አየና «ባሌስትራው!» ብሎ ራሱን ያዘ። ባለ በርበሬዋ እናት ደግሞ ደመናውን ያያሉ፤ በርበሬ ከረጠበ ይሻግታልና።

ባሌስትራ ማለት ከረጅም እስከ አጭር ተደራርበው መካከላቸው በብሎን የታሰሩ ቆልማማ ብረቶች ናቸው። ነገሩ ከሠረገላ የተወረሰ ነው፤ ኦባዲያ ኤሊዮት የተባለ እንግሊዛዊ በ1804 እ.ኤ.አ. ለሠረገላ ባሌስትራ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የእኛው ሁለተኛው ብረት ተሰብሮ፥ በግራ በኩል ያሉት ሁሉ ቆልማማነታቸውን አጥተው ነበር።

እያዘገምን ቡሬ ገባን።

«ጋሼ፥ ለዛሬ ብቻ በእሳት አቅናልኝ» አለ ሾፌሩ፤ ኪሱ ቀላል ነበረ።

«ልጄ፥ እሳት ጥንካሬውን ያወጣዋል። ባዶውን ሲቆም ያምርልሃል፤ ስትጭንበት ይተኛል» አሉት መካኒኩ። የግራውን ብቻ መለወጥም እንቢ አሉ፤ አንዱ ጠንክሮ አንዱ ከላላ መኪናዋ ዘማ ትሄዳለችና። ተጨማሪ ብረት መደረብም ጭነቱን ወደ ሻንሲው ያሻግራል እንጂ አያቀለውም። እኔ በሾፌሩ ቦታ ብሆን በእሳቱ እስማማ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ።

በመጨረሻ ያልደከመ አሮጌ ባሌስትራ ለሁለቱም ጎን ተገኘ፤ ግማሹን ዋጋ ባለ በርበሬዋ ከኪራዩ ላይ አስቀድመው ከፈሉ። መካኒኩ የላስቲክ ቡሾቹን ለወጡ፤ የቡሾቹን ብሎን በመጨረሻ ያጠበቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ አለዚያ ላስቲኩ ተጠማዞ ቶሎ ይበጣጠሳል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ መጥቶ እንዲያስጠብቅ አዘዙት።

የተሰበረውን ብረት ሾፌሩ ሊጥለው ሲል ባለ በርበሬዋ ተቀበሉት። ቀጥቃጭ ዘንድ ወስደው ለልጃቸው ማረሻ ሊያሠሩበት ነው።