ረቡዕ ምን እንብላ የማይባልበት አገር

ቡናው እስኪቀርብ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ከነቃችሁ ጀምሮ ስንት ነገር ወሰናችሁ? የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ፣ ቁርስ ምን ይሁን፣ በታክሲ ልሂድ ወይስ በእግር፣ ለደወለው ሰው አሁን ልመልስ ወይስ ማታ? ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፈዋለን። ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) ላለበት ሰው ግን እያንዳንዷ ጥያቄ ጉልበት ትበላለች፤ ገና በረፋዱ አቅም ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች ራሳቸውን ጠይቆ ነበር። ቶሎ መቆረጥ ያለበት፣ የለመዱትን የሚያፈርስ፣ ከሰው ጋር መነጋገርን የሚጠይቅ ውሳኔ ከሁሉ ይበልጥ እንደሚከብዳቸው ተናገሩ።

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ ላስታ ይሄዳል። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ አሸተን ማርያም የተባለች ቤተ ክርስቲያን አለች። ትውፊቱ ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሯት ነአኩቶ ለአብ እንደ ፈጸማት ይናገራል። ጎብኚ ወርዶ የሚያወራው ስለ አቀበቱና ስለ ገደሉ ነው። እኔ የማደንቀው ግን የዚያ አገር ሰው ቀኑ እንዴት እንደ ተሰደረ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ምን እንብላ የሚል ክርክር የለም። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚታረፍ፣ ማኅበሩ ማን ቤት እንደሚዞር ይታወቃል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊወስነው ይገባ የነበረው ግማሹ ነገር እሱ ሳይወለድ ተወስኖ ቆይቶታል።

ለውጥም ቢሆን ድንገት አይመጣም። ትንሣኤ በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል፤ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም አብረውት ይዞራሉ። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ 50 ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ይፈሰካል። ይህ ሁሉ ግን በባሕረ ሐሳብ ተቆጥሮ ገና መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ለወራት አስቀድሞ የተነገረ ለውጥ ማንንም አያስደነግጥም።

የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ሕፃናት ሲጽፍ ሁሉም ነገር እንዳለ እንዲቆይ አጥብቀው መፈለጋቸውን እንደ በሽታ ምልክት ነበር የመዘገበው። እኔ አልስማማም። ያን የሚፈልግ ልጅ ያለችውን ጉልበት እየቆጠበ ነው። የሰው ሁሉ የመወሰንና ራስን የመግዛት አቅም በአጠቃቀም ያልቃል የሚለው ሐሳብ ዛሬ ያከራክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የ23 ቤተ ሙከራዎች የጋራ ሙከራ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላገኘበትም። በየቀኑ የሚደክመው ሰው ራሱ የሚሰጠው ቃል ግን በዚህ አይሻርም።

ከተማ ስንገባ ያ ሥርዓት ይላላል፤ በምትኩ ጥያቄ ይበዛል። እዚህ ላይ ደግነታችን ራሱ ሸክም ይሆናል። ኦቲዝም ያለበት እንግዳ ቤት ገብቶ «ሻይ ይሻልሃል ቡና? ለስላሳ? በሞቴ ትንሽ ጨምር» ሲባል፣ ሰውየው አንዱን መልሶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሰዋል፤ ይሉኝታውም አለ። ዝም ሲል ኩሩ ይባላል፤ ተነሥቶ ሲወጣ ባለጌ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነኝ የለም፤ ሰውየው ያለቀበት አቅም ነውና። ይልቅ «ቡና ፈልቷል፤ ካልፈለግህ ተወው» ብሎ ዝም ማለት ትልቅ ደግነት ነው።

ኤዲኤችዲ ያለባቸው ወዳጆቻችን ነገር ትንሽ ይለያል። ያወጡት ሥርዓት ይሰለቻቸዋል፤ ወይም ከነጭራሹ ይረሳቸዋል። ስለዚህ ማስታወሻው ከጭንቅላታቸው ውጭ ቢሆን ይሻላል። በገጠር ደወሉ ያስታውሳል፤ ጎረቤት ያስታውሳል፤ ወንፈል ቀኑ ሲደርስ ሰው ማጭዱን ይዞ ደጅ ይቆማልና መጀመር ግድ ነው። አዲስ አበባ ላይም ጓደኛ በተቆረጠ ሰዓት መጥቶ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ ለሳምንት የተከመረው ሥራ ይጀመራል። ለብቻው የሚኖር ሰው የሳምንቱን ምግብ አንዴ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ብዙ ያርፋል፤ ጾመኛ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ አስቀድመው ተሞልተውለታል።

ስለ ልጆች ስናወራ ዘሚ የኑስን ማንሣት ይገባናል። የራሷ ልጅ ኦቲዝም ያለበት እናት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም በየቤቱ የተደበቁ ልጆች እንዲወጡ ስትሞግት ኖረች። ዛሬ ስለ ቁርስና ስለ ልብስ በግልጽ መጨዋወት የቻልነው እንደ እሷ ያሉ እናቶች መጀመሪያ ትልቁን በር ስለከፈቱልን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና በየዕለቱ በሚደጋገም የቤት ውሎ ላይ መቆሙም የሚያበረታታ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሚጸናውን ልማድ ባለቤቱ ይምረጠው፤ ልጅም ቢሆን ከሁለት ሸሚዝ አንዱን ሊያሳያችሁ ይችላል። ከላይ የተጫነበት ሥርዓት አያሳርፈውም። እናንተም ጾም የሚገባበትን ቀን ከመስከረም ጀምራችሁ የምታውቁ ቤተሰቦች፣ እንግዳ የሚመጣበትን ቀን ለልጃችሁ ቢያንስ ከዋዜማው ንገሩት።