ውሻውን ከፍርግርጉ ውጭ እዩት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን በዊልሰን ድልድይ ፖቶማክን ተሻገርንና አሌክሳንድሪያ፣ ቮላ ሎውሰን የእንስሳት መጠለያ ደረስን። ልጆቼ ውሻ ይፈልጋሉ፤ እኔ ያደግሁት ግን የእብድ ውሻ በሽታን እየፈራሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ክትባቱ ነው። ቀጥሎም በትንኝ ስለሚተላለፈው የልብ ትል ጠየቅሁ፤ በሽታው ይታከማል፣ ሕክምናው ግን ወራት ይወስዳል።

በፍርግርጉ ውስጥ ሲጮህ የነበረው ውሻ ግቢ ሲወጣ ዝም አለ፤ ቀስ ብሎ እጄን አሸተተ። አረማመዱን፣ ዓይኑንና ጥርሱን አየሁ። ጅራት መቁላት ብቻውን የፍቅር ምልክት አይደለም፤ ሰውነቱን ካደረቀ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከልጆች ጋር ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ከገባ በኋላም ለመላመድ ሳምንታት ስጡት።