እጄ ቀኝ፥ ዓይኔ ግራ

አንባቢ ሆይ፤ ንባቡን ከመቀጠልህ በፊት አንድ ደቂቃ አውሰኝ። ሁለቱን እጆችህን ወደ ፊት ዘርጋና መዳፎችህን አደራርበህ በመካከላቸው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አብጅ። ሁለቱንም ዓይኖችህን እንደ ገለጥህ በቀዳዳዋ አሻግረህ ራቅ ያለ ነገር፥ ለምሳሌ የመንገድ መብራት፥ ተመልከት። አሁን አንዱን ዓይን ጨፍን፤ ቀጥሎም ሌላውን። በአንደኛው ዓይን ስታይ መብራቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በሌላው ግን የገዛ መዳፍህ ይጋርድሃል። መብራቱን ያላጣው አውራ ዓይንህ ነው። አውራ ጣት እንደምንል አውራ ዓይን ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ይንገረኝ።

እኛ በመኝታ ክፍላችን ስድስት ሆነን ሞክረነው ነበር። አራቱ ቀኝ ሆኑ፤ እኔና አንድ ጓደኛዬ ግራ ሆንን። «ግራ የገባው ማለት ይኸ ነው» ተብሎ ተሳቀብን። እኔን ግን ከሳቁ ይልቅ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ፤ የምጽፈው በቀኝ እጄ ሲሆን ኳስ የምመታው በግራ እግሬ ነውና።

ነገሩን ያባሰው በዚያው ሳምንት አባቴ በስልክ ያሉኝ ቃል ነው። የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ እርሳስ የሚይዘው በግራ እጁ ነው። አስተማሪው ግራ እጁን አስረው ቀኙን እንዲያስለምዱት መክረዋቸዋል። «አንተ የተማርህ ነህ፤ እንሰረው ወይስ እንተወው?» አሉኝ። ከኋላቸው እናቴ «እሱንስ በርበሬ ቀብተን አይደለም ወይ ያስጣልነው!» ስትል ሰማኋት። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ነገ እደውላለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ፥ ዓይኔ ግራ ከሆነ እጄም በፍጥረቱ ግራ ነበረ የሚል ሐሳብ ነው። ማስረጃው ግን ይህን አይፈቅድም። ከመቶ ሰው 90 ያህሉ ቀኝ እጁን ያስቀድማል፤ ቀኝ ዓይኑ አውራ የሆነው ግን ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ብቻ ነው። ቡራሳ፥ ማክማነስና ብራይደን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመዝኑ፥ አውራ ዓይኑ ግራ የሆነ ሰው ከቀኝ እጀኞች መካከል ከመቶ 34፥ ከግራ እጀኞች መካከል ደግሞ ከመቶ 57 ያህል ሆኖ አገኙት። ዝምድና አለ፤ ነገር ግን ለሠርግ ብቻ እንደሚጠራ የሩቅ ዘመድ ያለ ነው።

ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። እጅን ባመዛኙ የሚያዝዘው በተቃራኒው ወገን ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ ቀኙን ግራው፥ ግራውን ቀኙ። ከእያንዳንዱ ዓይን የሚነሣው የነርቭ ጅማት ግን ገሚሱ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ገሚሱ በዚያው በወገኑ ይቀራል። ስለዚህ ዓይን ለሁለቱም ወገን ያደረ ነው፤ ከእጅ ጋር አብሮ እንዲሰለፍ የሚያስገድደው የለም። አውራ ዓይን ሁልጊዜ አጥርቶ የሚያየው ዓይን ነው ማለትም አይደለም።

እግር ግን ለእጅ የቀረበ ዘመድ ነው። ደግሞስ የልጅን እግር ማን አስሮ፥ ማን በርበሬ ቀብቶ ያውቃል? ገበታ ላይ የሚቀርበውና ለሰላምታ የሚዘረጋው እጅ ስለ ሆነ ቁጣው ሁሉ በእጅ ላይ ወረደ። በ1543 እ.ኤ.አ. የሞተውን ኢማም አሕመድን እንኳ እስከ ዛሬ ግራኝ እያልን የምንጠራው በእጁ ነው፤ በየትኛው እግሩ እርካብ ይረግጥ እንደ ነበረ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ስለ ራሴ ምስክር ቢያሻኝ ከዓይኔ ይልቅ እግሬን አምናለሁ፤ ከሁለቱም ይልቅ እናቴን።

በማግሥቱ ደወልሁ። «አባባ፥ እጁን አይሰሩበት። እንጀራውን በቀኙ ይብላ፤ እርሳሱን በሚቀናው ይያዝ» አልኋቸው። የገበታው ነገር ማፈግፈግ ነው የሚል ጓደኛ አለኝ። ይሁን፤ ገበታ የጋራ ነው፥ የእናቴ ሥጋት ይገባኛል። እርሳስ ግን የጋራ አይደለም።

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አስተማሪውን ምን ልበላቸው?» አሉ። ለፋሲካ ስመጣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ አልሁ። ከዚያ እናቴ ስልኩን ተቀብላ፥ በርበሬው ያኔ አቃጥሎኝ እንደ ነበረ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኋት፤ እውነቴን ነው። ስለ ወንድሜ ያለችው ነገር የለም፤ ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።