«አምስተኛ» መንጃ ፈቃድ ዱባይ ላይ ስንተኛ ነው?

በየጋራዡና በየመናኸሪያው የምትሰሙት ወሬ አለ። «መንጃ ፈቃድ ካለህ ዐረብ አገር እንጀራህ ተጋግሮ ነው የሚጠብቅህ» ይባላል። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቀው እዚያው ደርሶ መሪ የጨበጠ ብቻ ነው። እናላችሁ፣ ይህችን ወሬ ይዤ ዱባይ ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። ስለ ቡርጅ ኸሊፋ እንዳወራላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እሱን በፎቶ ጠግባችሁታል። እኔ ስከታተል የከረምኩት ሹፌሮቹን ነው።

ከቦሌ ዱባይ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነው። የሐበሻ ሹፌር ፍለጋ የሄደ ሰው ፎቁን ሁሉ ትቶ ወደ ዴራ መውረድ አለበት። ዴራ አሮጌው ከተማ ነው፤ በባሕር ሰርጡ ዳር የተቀመጠ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ቅመም ተራው፣ የጭነት ጀልባው የሚተራመስበት። «አብራ» በምትባለው ጀልባ በ1 ድርሃም ወዲያ ማዶ ትሻገራላችሁ። ናይፍ ሰፈር ስትደርሱ ደግሞ የቡናው ሽታ ራሱ ይመራችኋል። እሁድ ከሰዓት የሐበሻ ምግብ ቤት የገባ ሰው መርካቶ የገባ ይመስለዋል። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ሁሉም «ዛሬ ምንዛሪው ስንት ገባ?» ይላል።

እዚያ ነው የጅቡቲን መስመር 11 ዓመት በተሳቢ የተመላለሱ ጎልማሳ ያገኘሁት። ስማቸው ይቆየንና ጋሼ እንበላቸው። ሚሌንና ጋላፊን እንደ ጓሯቸው ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ከዚያ መንገድ በኋላ የዚህ አገር አስፋልት ጨዋታ አልሆነብዎትም?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ስመጣ ተማሪ ነበርኩ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ የአንዳንድ አገሮችን መንጃ ፈቃድ ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና በራሷ ትለውጣለች፤ የባሕረ ሰላጤው ጎረቤቶቿን፣ የብዙዎቹን አውሮፓውያን። የኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ዐይን መመርመር፣ ክፍል ገብቶ መማር፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የማቆም ፈተና፣ ከዚያ የመንገድ ፈተና። ወደቅህ? እንደገና ክፈል፣ እንደገና ተማር። መንጃ ፈቃዱ በቁጥር ነው፤ 3 ለቀላል መኪና፣ 4 ለከባድ ጭነት፣ 5 ለትንሽ አውቶቡስ፣ 6 ለትልቁ። ታዲያ እኛ ድሮ «አምስተኛ» እያልን የምንኮራበት የተሳቢ መንጃ ፈቃድ እዚያ ቁጥር 4 ነው፤ ያውም ከዜሮ ተጀምሮ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። «ተሳቢ በቁልቁለት ያወረድኩ ሰውዬ መስታወት አላየህም ተብዬ!» ይላሉ። ንዴቱ እስካሁን አልበረደላቸውም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ መንጃ ፈቃዱ መኖሪያ አይሰጥም። ሰፈር ውስጥ የሚምታታው ይሄ ነው። ሹፌር ሆኖ የሚሄድ ሰው መኖሪያውን የሚያገኘው በቀጣሪው በኩል ነው። ቀጣሪው ከሠራተኛ ሚኒስቴራቸው የሥራ ፈቃድ ያወጣል፤ በዚያ የመግቢያ ፈቃድ ይላካል። ከገባችሁ በኋላ የጤና ምርመራ አለ፣ ኤች አይ ቪና ቲቢ ይታያሉ። ከዚያ አሻራ፣ ከዚያ የኤምሬትስ መታወቂያ። ድሮ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው የመኖሪያ ቪዛ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቀርቶ መታወቂያው ራሱ ማስረጃ ሆኗል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የ2 ዓመት ነው፤ ይታደሳል። ሥራው ሲሰረዝ ግን መኖሪያውም አብሮ ይሰረዛል። ሌላ ቀጣሪ መፈለጊያ ወይም መውጫ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ያ ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠራል። ጋሼ መታወቂያው እስኪመጣ፣ ከዚያም ፈተናውን እስኪያልፉ አምስት ወር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያራግፉ ነበር። የተሳቢ ሹፌር!

ደላላው ይሄን ሁሉ አይነግራችሁም። የሱ ዘፈን «በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ይለወጣል» ነው። በጉብኝት ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚቀጥር ድርጅት ቅጣቱ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም እንዲሆን ተደረገ። ይህን ቅጣት እያወቀ መሪ የሚያስጨብጣችሁ ሰው ተቆጣጣሪ ሲመጣ «አላውቀውም» ለማለት ዐይኑን አያሽም። ገንዘብ አምጡ ሲሏችሁም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ የሚሠራው የኤምሬትስ የሥራ ሕግ ቀጣሪው የምልመላና የቅጥር ወጪ ከሠራተኛው እንዳይሰበስብ፣ ፓስፖርቱንም እንዳይዝበት ይከለክላል። የኛም አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቢሆን የቪዛውን፣ የትኬቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ፓስፖርቱና የጤና ምርመራው የእናንተ ነው። ደላላው 200,000 ብር የሚጠራው ለምኑ ይሆን?

ሌላው ጉድ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሥራ ስም ነው። እዚያው ምግብ ቤት አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ሽቶ በሽቶ የሆነ። የቤት ሹፌር ነው፤ እመቤቲቱን ገበያ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። የቤት ሹፌር የሚተዳደረው በቤት ሠራተኞች ሕግ ነው። በሳምንት የአንድ ቀን እረፍት፣ በቀን የ12 ሰዓት እረፍት፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ አለው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ በእረፍት ቀኑ ለጓደኛው ሱቅ ዕቃ ሲያደርስ ቢያዝ ከቀጣሪው ውጪ ሠርቷልና ጣጣ ነው። ሳዑዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር እንዲችል ስትፈቅድ የቤት ሹፌሮችን አላካተተችም። ሪያድም የሚጠራችሁ ካለ «ለድርጅት ነው ወይስ ለቤት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ጠዋት በሜትሮው ቀይ መስመር ወደ ጀበል አሊ ሄድኩ። የወደቡ መንገድ ላይ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ተከታትሎ ይሄዳል፣ ማንም ክላክስ አይነፋም። ዝምታው አስደነገጠኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰልፍ ቢሆን ጆሮ ይበጠስ ነበር። ምስጢሩን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። በዓመት 24 ጥቁር ነጥብ የሞላበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ዱባይ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ድንጋጌ የከባድ መኪና ሹፌር ቀይ መብራት ከጣሰና የውጭ ዜጋ ከሆነ ከአገር ይባረራል። በአንዲት መብራት! «መብራቱ ገና ቢጫ ሳይሆን ነው እግሬ ፍሬን የሚፈልገው» አሉኝ።

ጋሼ አሁን ኢቃማቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አሳድሰዋል። የሚያብሰለስላቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሚስትና ልጅ ለማምጣት የሚታየው የሥራው ዓይነት ሳይሆን ገቢ ነው፤ 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር። የሳቸው 2,600 ነው፤ የሚያድሩትም ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ውስጥ። የትልቅ አውቶቡስ ሹፌር ከሆንኩ ይሻሻላል ብለው ለቁጥር 6 ተመዝግበዋል። ከሄድኩ በኋላ ስልክ ደውለው ነበር፤ የጽሑፉን አልፈው የመንገዱን ፈተና እየጠበቁ ነው።