ባለቤት አልባው ላይብረሪ

ስማርት ኮንትራት ዲፕሎይ ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው ድረ-ገጽ ሰርቨር ላይ እንደ መጫን ያስበዋል። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ሰርቨር ላይ ያለ ስህተት ማታ ታይቶ ጠዋት ይታረማል። ኢቴሪየም ላይ ኮዱ የሚላከው ተቀባይ በሌለው ትራንዛክሽን ነው፤ ማስጀመሪያው ኮድ አንዴ ብቻ ይሠራና ዋናውን ኮድ አዲስ አድራሻ ላይ አስቀምጦ ያበቃል። የተቀመጠውን ከዚያ ወዲያ የሚያርመው የለም። «አፕዴት ይደረጋል» የሚባሉት ኮንትራቶችም ጥሪውን ወደ ሌላ ኮድ ያዞራሉ እንጂ የቀድሞውን አይፍቁም።

የዚህን ክብደት እንደ ፓሪቲ ታሪክ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ጋቪን ዉድ ነው። ኢቴሪየምን ከመሠረቱት አንዱም እሱ፣ የኔትወርኩን ቴክኒካዊ ሰነድ የጻፈውም እሱ። ስለዚህ «ጀማሪዎች ቢሆኑ ነው» ማለት አያዋጣም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ገንዘብ ለማውጣት የብዙ ሰው ፊርማ ከሚጠይቁት የፓሪቲ ዋሌቶች ወደ 150 ሺህ ኤተር ተሰረቀ። ድርጅቱ ቀዳዳውን ደፍኖ በማግስቱ አዲስ ኮድ ዲፕሎይ አደረገ። ኔትወርኩ ላይ ኮድ ማስቀመጥ ውድ ስለሆነ ዋናው ሥራ በአንድ የጋራ ላይብረሪ ውስጥ ገባ፤ ዋሌቶቹ ቀጫጭን ሆነው ሥራ ሲመጣ እሱን ይጠራሉ። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን ላይብረሪው ራሱም ኮንትራት ነውና የራሱ የባለቤት መዝገብ አለው፤ ያ መዝገብ ባዶ ቀረ። የቀረው አንዲት ፈንክሽን አንድ ጊዜ መጥራት ብቻ ነበር፣ ወጪውም ጥቂት ዶላር። ኦገስት ላይ አንድ ሰው ጊትሀብ ላይ ይህንኑ ጠቁሞ ነበር። ድርጅቱ ለምቾት የሚደረግ ማሻሻያ አድርጎ አየውና አሳደረው። ከስህተቱ ይልቅ የሚያናድደው ይኼ ማሳደር ነው።

ኖቬምበር 6 ቀን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያቺን ፈንክሽን ጠርቶ የላይብረሪው ባለቤት ሆነ፤ ቀጥሎ ኮንትራቱን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ላከ። አንድም ኤተር አልወሰደም። ሆኖም 587 ዋሌቶች የሚጠሩት ኮድ ስለጠፋ 513,774 ኤተር ባለበት ደረቀ። ገንዘቡ ለማንም ይታያል፣ የሚያወጣው ግን የለም።

በ2018 ኮዱን የሚመልስ ሐሳብ ቀርቦ ድጋፍ አጣ። እዚህ ላይ ተጎጂዎቹ «የእኛ ሲሆን ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በ2016 ከዳኦ 3.6 ሚሊዮን ኤተር ሲወጣ ኔትወርኩ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ሕጉ ተቀይሮ ገንዘቡ ተመልሷልና። ሁለተኛውን ጊዜ እምቢ ማለት ልክ ነበር፤ ኮድ የተሳሳተ ሁሉ መዝገብ የሚያስፍቅ ከሆነ ባንክ ምን አጠፋ? ግን ዕዳው የወደቀው ኮዱን በጻፉት ላይ ብቻ ሳይሆን አምነው በተጠቀሙት ላይም ነው። አንዱንም መስመር ያላነበቡ ሰዎች ነበሩ።

ከማርች 2024 ማሻሻያ ወዲህ ያ ትእዛዝ ቀድሞ ዲፕሎይ የተደረገን ኮድ አያጠፋም። በ2017 ለጠፋው ግን አልደረሰለትም።