ማር ነው ወይስ ስኳር?

በመተማ ቆላ ሰሊጡና ጥጡ ለገበያ ነው፤ ማሽላው ለእንጀራና ለጠላ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥን በሕግ ከከለከለች በኋላ መተማ ከገላባት ለሚሻገሩ መጠጫ ሆነች። ጠጪው ግን የቀረበለት ከምን እንደተሠራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህን ነገር ኦስትሪያ በውድ ዋጋ ተምራዋለች። ግሩነር ቬልትሊነር የሚባል ነጭ የወይን ዘር አላት፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ከሽኒትዝል፣ ማለትም ከተጠበሰ የጥጃ ሥጋ ጋር ይጠጡታል። ቅመም ለበዛበት ምግብ ደግሞ ጣፋጭ ሪዝሊንግ ይመረጣል፤ ጣፋጩ ማቃጠሉን ያለዝበዋል፣ ብርቱ አልኮል ግን ያብሰዋል። (ዶሮ ወጥን በጠጅ ለሚያወራርድ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።)

እ.ኤ.አ. በ1985 ግን አንዳንድ የኦስትሪያ ነጋዴዎች ወይናቸው ጣፋጭና ወፈር ያለ እንዲመስል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሲጨምሩ ተያዙ። የውጭ ገበያቸው ተንኮታኮተ። ጥፋቱ የጥቂቶች ነበር፤ የከሰረው ግን ንጹሑም ገበሬ ጭምር ነው። መንግሥት በዚያው ዓመት ጥብቅ የወይን ሕግ አወጣ። ዛሬ ደረጃውን የጠበቀ ወይናቸው የመንግሥት የምርመራ ቁጥር ተጽፎበት፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ነጭ ቀይ ምልክት አርፎበት ይሸጣል።

የእኛ ጠጅስ? ማር ሲወደድ ስኳር ይገባል፣ ቢጫ ቀለም ይጨመራል፤ ስሙ ግን ያው ጠጅ ነው። ንጹሕ ማር የሚጥለውም ሴት ወይዘሮ ከዚያኛው ጋር በአንድ ዋጋ ይወዳደራሉ። ስኳር ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው ችግሩ። ለጊዜው ላቦራቶሪ መጠበቅ አያሻም፤ መተማም ሆነ ጎንደር፣ በየጠጅ ቤቱ በር «የማር» እና «የስኳር» ተብሎ ዋጋው ለየብቻ ይለጠፍ።