በሁለት ሊትር ውሃ

ሰው ዕቃውን የሚይዝበት መንገድ ጠባዩን ይናገራል። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ የተናገሩት ለልብስ ብቻ አይመስለኝም። አንዱ አሥር ዓመት ለብሶ የተወው ካፖርት በሌላው እጅ ሌላ አሥር ዓመት ያገለግላል፤ አዲስ የተገዛውም አያያዝ በማያውቅ እጅ በዓመቱ ጨርቅ ይሆናል። መኪናም ከዚህ ሕግ አታመልጥም። በተለይ መኪናዋ ከሌላ እጅ የተገዛች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ወገቧ ዝቅ ያለና ለፍጥነት ተብላ የተሠራች ስትሆን የባለቤቷ ጠባይ ቶሎ ይገለጣል።

ይህን ወግ የምጽፈው በቦሪ፣ በኬንያዋ ሞያሌ በኩል ተቀምጬ ነው። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ትባላለች። በ1997 ጃፓን ተሠርታ፣ በ2004 በሞምባሳ ወደብ ገብታ፣ ከእኔ በፊት ሁለት ባለቤቶችን አይታለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በኬንያ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ስሟ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ሰማያዊት» እንደ ማለት ነው። ሰማይን ቀና ብሎ ዝናብ በሚጠባበቅ አገር ውስጥ ይህን ስም ይዞ መዞር ራሱ አንድ ነገር ነው።

እንዲህ ያለች መኪና እዚህ ምን ትሠራለች የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ በዚያን ጊዜ ድንጋይና አሸዋ ነበር፤ የጭነት መኪናዎች ታጣቂ ጠባቂ ይዘው በአጀብ ይጓዙበት ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት አስፋልቱ ደረጃ በደረጃ ተዘርግቶ ድንበር ላይ ከደረሰ ወዲህ ግን ዝቅ ያለች መኪናም ከናይሮቢ ሞያሌ ድረስ ሆዷን ሳትመታ ትመጣለች። ፈተናው አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ሠፈር በሚያስገባው ጥርጊያ ላይ ይጀምራል።

ኬንያ ውስጥ ሴሊካ ያላት ክብር ደግሞ ከአሽሞንሟኝነት የመጣ አይደለም። በ1953 በተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ውድድር ሴሊካ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ አሸንፋለች። ከእርሷ በፊትም ሁለት በር ያላቸው መኪናዎች በዚያ አቧራና ጭቃ ውስጥ ድል አድርገዋል፤ ዳትሰን 240ዜድ በ1971 እና በ1973፣ ፔጆ 504 ኩፔ በ1978። ያን ውድድር የተከታተለ ሰው እንደሚያውቀው ድሉ የሹፌሩ ብቻ አልነበረም። በየማረፊያው ቁልፍ ይዘው የሚጠብቁት መካኒኮች ጎማ ይለውጣሉ፣ ፊልትሮ ያራግፋሉ፣ የላላ ቡሎን ያጠብቃሉ። መስመሩን ጨርሳ ያለፈችው መኪና በጭቃ ተለስና እንኳ ብትታይ ውስጧ የተሟላ ነበር። እኔም ከዚህ የወሰድኩት ደንብ አለ፦ ከሚታየው በፊት የማይታየው።

የማይታየው የሚጀምረው ከኮፈኑ ሥር ነው። የእኔዋ መኪና ሞተር 3ኤስ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ ሁለት ሊትሩ ነው። ይህ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ራቭ-ፎር መኪናዎች ውስጥም የገባ በመሆኑ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። መልኳ ብርቅ ቢሆንም ልቧ የሠፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዕቃ ሲጠፋ አንዳንዴ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ አንዳንዴ ከናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ አስመጣለሁ። ከድንበሩ ማዶ ያለው መካኒክ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ ሲል ከጣልያን የወረሰውን ቃል ይጠራል፤ ወዲህ ያለው ፉንዲ ስለዚያው ዕቃ በእንግሊዝኛ ስም ይጠይቃል። ድንበር ላይ መኪና የያዘ ሰው ሁለቱንም መዝገበ ቃላት በኪሱ መያዝ አለበት።

ከሁለቱም ዋና ከተሞች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሰው ዕቃ ሲሰበር ሳይሆን ከመሰበሩ በፊት ይለውጣል። ከሌላ እጅ በተገዛ መኪና ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚለውን ማመን ስለማይቻል፣ የመጀመሪያው ሥራዬ የታይሚንግ ቺንጋውን መለወጥ ነበር። የቺንጋው ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረውም እርሱ ራሱ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መለወጥ ድካምንም ገንዘብንም ያተርፋል። የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትር እለውጣለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ በመሆኑ፣ ብዙ ባይነዳም እንኳ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባዋል። በአቧራ አገር የአየር ፊልትሮ በየሳምንቱ ይታያል። ጎማ ሲገዛ ደግሞ በጎኑ ላይ የታተመውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ በእኛ ፀሐይ ላይ አደገኛ ነው።

ራዲያተሩ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አልጨምርም። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ ጨውና ማዕድን የበዛበት ስለሆነ በሚፈላበት ጊዜ እንደ ጀበና ዝቃጭ ነጭ ቅርፊት ትቶ ቀጫጭኑን ቱቦ ይዘጋል። የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ይኸው የጉድጓድ ውሃ ቀለም ላይ ሲደርቅም ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ለዚህ ነው ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለእጥበት የሚመረጠው።

ስለ ውሃ ካነሣሁ ዘንድ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ጉዳይ ልናገር። በ2020 መጨረሻ ቦረናዎች ሀጋያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ከሸፈ። ቀጥሎም ረጅሙ፣ እንደገና አጭሩ፣ እያለ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀሩ። ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ከብት አለቀ። ከጣሪያ የሚጠራቀም ውሃ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሁሉም ሰው ጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

በዚያ ወቅት አንድ ማለዳ ባልዲ ይዤ ስወጣ ያዩኝ አዛውንት ጎረቤታችን ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህች መኪናህ ስንት ትጠጣለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። የጠየቁኝ ስለ ቤንዚን አልነበረም፤ ዓይናቸው ባልዲው ላይ ነበር። በሳምንት አንድ ጀሪካን ብዬ መለስኩላቸው። «የአንድ ሰው ቀን ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ወቀሳም አልነበረም፤ ሒሳብ ብቻ ነበር።

ሒሳባቸውም ትክክል ነው። በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ያስፈልጋል ተብሎ የሚታሰበው አነስተኛ መጠን 15 ሊትር ሲሆን፣ ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። በከተማ እንደሚደረገው በቱቦ አሥር ደቂቃ የታጠበች መኪና ከ100 ሊትር በላይ ትወስዳለች፤ ይህም የአንድ ሰው የሳምንት ውሃ ማለት ነው። ጥያቄው ሁለት መንገድ ከፈተልኝ፦ ወይ ጽዳቱን እርግፍ አድርጎ መተው፣ ወይም ሌላ ዘዴ መፈለግ። መተው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የወፍ ኩስ ቀለም ይበላል፣ በበር ጠርዝ የተጠራቀመ አቧራ ጤዛ ሲነካው ዝገት ይጠራል። ለአርብቶ አደሩ ከብቱ ጥሪቱ እንደሆነ ሁሉ ለእኔም ይህች መኪና ጥሪቴ ናት። ያጠራቀምኩትን ጥሪት እየዛገ ማየት ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ወደ ሁለት ሊትር ወረድኩ። ዘዴው ለማንም የሚሆን ስለሆነ ልዘርዝረው። ሥራው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይጀመራል። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ትልቁ ጥፋት ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ከራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ሲሆን፣ የአቧራችን ቅንጣት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በመጀመሪያ ልቅ የሆነው አቧራ በእጅ ጎማ መንፊያ ይነፋል። ከዚያ ጥቂት የመኪና ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ በትንሽ መርጫ ትንሽ በትንሽ ተረጭቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ቆሻሻው እንዲለሰልስ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ለአራት ሲታጠፍ በሁለት በኩሉ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀጥታ መስመር፣ ሳይጫኑ ይሳባል። ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ ቸርኬውና የታችኛው ጠርዝ በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ ይሠራሉ። የልብስ ሳሙና ዱቄት የሰሙን ሽፋን ስለሚገፍ አይጠቅምም።

በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጥላ ሥር አቁሜ ሰም እቀባታለሁ። ሰሙ በስሱ ተቀብቶ፣ ሲደርቅ ይወለወላል። ጥቅሙ ማብረቅረቁ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይና አቧራ ቀለሙን ሳይሆን እርሱን እንዲበሉ ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ጽዳትም ቆሻሻው በቀላሉ ይለቅቃል፣ ውሃም ይቆጠባል። የሴሊካ በር መስተዋት ዙሪያውን ክፈፍ የሌለው በመሆኑ አቧራን የሚከለክለው የበሩ ጎማ ብቻ ነው። ጎማው በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በየወሩ በሲሊኮን ቅባት አለሰልሰዋለሁ። ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ፤ ቅባት የበዛበት ዳሽቦርድ በቀትር ፀሐይ መስተዋቱ ላይ እያንጸባረቀ የሹፌሩን ዓይን ይወጋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት አሮጌ መኪና ነውን የሚሉኝ አሉ። በ2022 አንድ ሌሊት በሠፈራችን ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ሌላ መኪና በቅርብ አልተገኘም። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝተን፣ እናቷ ከኋላ ተጣጥፈው ተቀምጠው፣ በጥርጊያው ላይ ቀስ ብለን ሆስፒታል ደረስን። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥቷል፤ ፍሬኑ ያዘ፤ ጎማው አልከዳም። በዚያ ጨለማ ቀለሟን ያየ ሰው አልነበረም። ልጁ ዛሬ ሮጦ የሚጫወት ሆኗል።

ከ2023 ወዲህ ዝናቡ ተመልሶ መጥቷል፤ እንዲያውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎርፍ ሆኖ ብዙ ጉዳት አድርሷል። የጣሪያችን በርሜልም ሞልቶ ያውቃል። እኔ ግን ሁለት ሊትሩን አልተውኩትም። ዝናብ ባለ ጊዜ የለመደ እጅ በሌለ ጊዜ ይቸገራል፤ በሌለ ጊዜ የለመደ እጅ ግን ሁልጊዜ ይበቃዋል።

አሮጌ መኪና በጥንቃቄ የመያዝ ጉዳይ ከእንግዲህ የጥቂቶች ፍላጎት ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስለኝም። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎችን ማስገባት መከልከሏን አስታውቃለች። እንግዲህ ከድንበሩ በሁለቱም በኩል በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ዕድሜ የሚወሰነው በእኛው አያያዝ ነው። በእኔ በኩል በመኪናዋ የዕቃ ሣጥን ውስጥ አንድ ደብተር አኑሬያለሁ። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ቺንጋው የገባበት ኪሎ ሜትር፣ የተገዛው ዕቃ ዋጋ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎበታል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ይገዛታል። ያ ሰው ከወዲያም ይሁን ከወዲህ፣ የሚቀበላት ምን እንደተደረገላት አውቆ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከቁልፉና ከጎማው መጠን ቀጥሎ «ለእጥበት፦ ሁለት ሊትር» የሚል ሰፍሯል።